ሊዮንሃርድ ሴፓላ፦ ልፋቱ የእሱ፣ ምስጋናው የሌላ

በምትሠሩበት ቤት ልጆች ካሉ ባልቶ የሚባለውን የካርቱን ፊልም ሳታዩት አልቀራችሁም። ልጆቹ ሶፋ ላይ ተደርድረው ሲያዩ፣ እናንተም ልብስ እያጣጠፋችሁ በዓይናችሁ ጫፍ ተከታትላችሁት ይሆናል። በረዶ በወረሰው አገር ሕፃናት በበሽታ ሊያልቁ ሲሉ አንድ ውሻ ጓደኞቹን እየመራ፣ ጋሪ እየሳበ መድኃኒት ያደርስላቸዋል። ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ፊልሙም ያልቃል።

ታሪኩ እውነተኛ መነሻ አለው። ነገር ግን ዓለም ያጨበጨበው ለመጨረሻው የመንገዱ ክፍል ነው። ከሁሉም ረጅሙንና አደገኛውን መንገድ የሄደው ሌላ ውሻ ነበር፤ ስሙ ቶጎ ይባላል። ቶጎን ያሳደገውና የነዳው ሰው ደግሞ እንደ እናንተው እንጀራ ፍለጋ አገሩን ጥሎ በሰው አገር የሠራ ስደተኛ ነው። ዛሬ የምናወጋችሁ የዚህን ሰው፣ የሊዮንሃርድ ሴፓላን ሕይወት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የአንጥረኛው ልጅ

ሴፓላ በ1877 በሰሜን ኖርዌይ፣ ስኪቦትን በምትባል መንደር ተወለደ። ቤተሰቡ ከፊንላንድ ወገን የዘር ሐረግ ያላቸው፣ ኩዌን የሚባሉ የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ሁለት ዓመት ሲሆነው ሸርቮይ ወደምትባል ደሴት ሄደው መኖር ጀመሩ። እዚያ በክረምት ለሁለት ወር ያህል ፀሐይ አትወጣም። አባቱ ብረት ቀጥቃጭም ዓሣ አጥማጅም ነበር። ሊዮንሃርድ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እንደመሆኑ ሁለቱንም ሥራ ገና በልጅነቱ ለመደ። ከፍ ሲልም ክሪስቲያኒያ ወደምትባለው ከተማ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኦስሎ ሄዶ የአንጥረኝነት ሙያውን አዳበረ።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ ግዛት በአላስካ፣ ኖም በምትባል የባሕር ዳርቻ ወርቅ ተገኘ። ዓመቱ 1898 ነው። ወርቁን ካገኙት ሦስት ሰዎች አንዱ ያፌት ሊንደበርግ የሚባል የሰሜን ኖርዌይ ሰው ነበር። አንድ የአገር ልጅ ወጥቶ አልፎለት ሲሰማ የወጣቱ ሁሉ ልብ እንደሚሸፍት ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ሊንደበርግ ሴፓላን የሚያውቀው ነበርና ወደ አላስካ እንዲመጣ አግባባው። ሴፓላም በ1900፣ በ22 ዓመቱ፣ ባሕር ተሻግሮ ኖም ደረሰ።

ወርቁ ግን የተባለውን ያህል አልነበረም። እሱን የጠበቀው አካፋና የቀዘቀዘ አፈር ነው። በሊንደበርግ የማዕድን ኩባንያ ተቀጥሮ የቀን ሥራ ሠራ። ሰው አገር ላይ ያለው ነገር ሲነገርና ሲደርሱበት የተለያየ መሆኑን ከመካከላችሁ ያላየ ካለ ዕድለኛ ነው። ሴፓላ ግን በመጀመሪያው ክረምቱ የኋላ ኋላ ስሙን ያስጠራለትን ሥራ አገኘ። ኩባንያው ውሾች የሚስቡት ጋሪ እንዲነዳ ሰጠው።

ጎማ የሌለው ጋሪ

ለእኛ ውሻ ግቢ የሚጠብቅ እንስሳ ነው፤ ጋሪ የሚስበው ፈረስ ወይም አህያ ነው። በእነዚያ አገሮች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኖም ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ባሕሩ በረዶ ስለሚሠራ መርከብ አይደርስባትም። ከሌላው ዓለም ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ ዛሬም እንኳ የላትም። ፈረስ በዚያ ጥልቅ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ደብዳቤውን፣ ምግቡን፣ ወርቁንና በሽተኛውን የሚያጓጉዘው ውሻ ነበር።

ጋሪው ጎማ የለውም። ከሥሩ እንደ ረጅም ሰሌዳ ያሉ ሁለት ተንሸራታች እግሮች አሉት። ነጂው አይቀመጥም፤ ከኋላ ቆሞ፣ ዳገት ሲሆን እየሮጠና እየገፋ ይሄዳል። ውሾቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ረጅም ገመድ ይጠመዳሉ። ልጓም የሚባል ነገር የለም። ነጂው ቀኝና ግራ የሚያዝዘው በድምፁ ብቻ ነው፤ ትእዛዙን ሰምቶ ሌሎቹን የሚመራው ደግሞ ከፊት ያለው መሪ ውሻ ነው። በእኛ ቋንቋ ፊታውራሪ ልንለው እንችላለን። ማዕበል ሲነሣና ነጂው የገዛ እጁን ማየት ሲያቅተው መንገዱን በእግሩና በአፍንጫው የሚያገኘው ያ ውሻ ነው። ነጂው ነፍሱን የሚያምነው ለእሱ ነው።

ሴፓላ ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጠን ያለ ቢሆንም ብርቱ ሰው ነበር። በኖም ኮንስታንስ የምትባል የቤልጂየም ተወላጅ አግብቶ ሲግሪድ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። በክረምት ውሾቹን በበረዶ ላይ ይነዳል፤ በበጋ ደግሞ እነዚያኑ ውሾች በሐዲድ ላይ በሚሄድ ትንሽ ጋሪ ጠምዶ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር።

ከሳይቤሪያ የመጡት ትንንሾቹ

በ1913 ሊንደበርግ ከሩሲያ ሳይቤሪያ የመጡ ቡችሎችንና ሴት ውሾችን ገዛ። ዓላማው ወደ ደቡብ ዋልታ በመድረስ የመጀመሪያ ለሆነው ለታዋቂው ኖርዌያዊ ተጓዥ ለሮአልድ አሙንድሰን ስጦታ መስጠት ነበር። ውሾቹን አሠልጥን የተባለው ሴፓላ ነው። አሙንድሰን የሰሜን ዋልታ ጉዞውን ሲተወው ውሾቹ ሴፓላ እጅ ቀሩ። በአሠሪው ገንዘብ ለሌላ ሰው ተብሎ የተገዛ ነገር ሳይታሰብ የእሱ ዕድል ሆነ።

እነዚህ ውሾች ዛሬ ሳይቤሪያን ሃስኪ ተብለው የሚታወቁት ናቸው። ያራቧቸውና ያሳደጓቸው በሳይቤሪያ ዳርቻ የሚኖሩ የቹክቺ ሕዝቦች ናቸው። ቡችሎቹን በቤት ውስጥ ከልጆች ጋር የሚያሳድጉት ሴቶች እንደነበሩ ይነገራል፤ የአንዳቸውም ስም በመዝገብ የለም። የአላስካ ነጂዎች ግን ውሾቹ ትንንሽ ስለነበሩ ሳቁባቸው። በዚያን ጊዜ የሚፈለገው ትልቅና ከባድ ውሻ ነበር።

ሴፓላ በ1914 ከኖም ተነሥቶ ካንድል ደርሶ በሚመለሰው፣ 650 ኪሎ ሜትር በሚጠጋው የአላስካ ታላቅ ውድድር ላይ ገባ። ውሾቹ ገና ልጆች፣ እሱም መንገዱን በደንብ የማያውቅ ነበር። ማዕበል መጥቶ መንገድ ሳቱ፤ ከገደል አፋፍ ሊወድቁ ለጥቂት ተረፉ። የውሾቹ እግር ተሰነጣጠቀ። ሴፓላ ውድድሩን አቋርጦ፣ አፍሮ ተመለሰ። የተጎዱትን ውሾች ሲያስብ ራሱን ይወቅስ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ከሰው ዓይን ርቆ አሠለጠናቸውና ተመልሶ ገባ። በ1915 አሸነፈ። በ1916 ደገመ። በ1917 ሠለሰ። የሳቁት ሁሉ ዝም አሉ።

የተናቀው ቡችላ

ቶጎ የተወለደው በ1913 አካባቢ ነው። ከሌሎቹ ያነሰ፣ ጉሮሮው የሚያብጥ፣ በሽታ የማያጣው ቡችላ ነበር። ሚስቱ ኮንስታንስ አስታመመችው። ሴፓላ ግን ለሥራ እንደማይሆን ቆጥሮ ለአንዲት ሴት የቤት ውሻ እንዲሆን ሰጠው። ቶጎ አልተስማማም። የተዘጋውን የመስኮት መስታወት በርግዶ ወጥቶ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ሮጦ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሴፓላ አልሰጠውም።

ቢሆንም ቶጎ ችግር ፈጣሪ ነበር። ሲያስሩት እየፈታ፣ ከአጥር እየዘለለ ለሥራ የወጡትን ውሾች ተከትሎ ይረብሻል። ስምንት ወር ሲሆነው ሴፓላ መላ ሲያጣ ከሌሎቹ ጋር ጠመደው። ረብሻው በዚያው ቆመ። ያ ቡችላ በመጀመሪያ ቀኑ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠ፤ ቀኑ ሳይመሽ ከኋላ ተነሥቶ ከመሪው ውሻ ጎን ደረሰ። ሴፓላ ለዓመታት ሲፈልገው የኖረውን መሪ ያገኘው ከጣለው ቡችላ ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለአሥራ ሁለት ዓመት ያህል አብረው ሠሩ። ሴፓላ እንደሚተርከው አንድ ጊዜ ኖርተን ሳውንድ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ላይ ሲጓዙ የቆሙበት በረዶ ተገምሶ ወደ ባሕር ወሰዳቸው። ወደ ዳርቻው ሲጠጉ ሴፓላ ቶጎን ገመድ አስይዞ ወደ ጠንካራው በረዶ ወረወረው። ገመዱ ግን ተበጠሰና ውኃ ውስጥ ወደቀ። ቶጎ ውኃው ውስጥ ዘሎ ገብቶ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ወጣ፤ በትከሻውም ላይ ጠቅልሎ በረዶውን ከነሰውዬው ወደ ዳር ሳበው። ይህን ወሽመጥ ልብ በሉት፤ እንመለስበታለን።

የ1925 ጃንዋሪ

በእኛ አገር ሕፃን በተወለደ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ተወስዶ ይከተባል። ከሚከተብባቸው በሽታዎች አንዱ ዘጊ አነዳ፣ በሕክምና ስሙ ዲፍቴሪያ ነው። ጉሮሮ ውስጥ እንደ ቆዳ ያለ ግርዶሽ እየሠራ ትንፋሽ ይዘጋል፤ መርዙም ልብን ይጎዳል። ልጆቻችሁን አስከትባችሁ ከሆነ ይህን በሽታ በዓይናችሁ ሳታዩት ኖራችሁ ይሆናል። በ1925 የኖም ልጆች ግን ይህ ክትባት አልነበራቸውም።

በዚያ ጃንዋሪ ወር የከተማዋ ብቸኛ ሐኪም ዶክተር ከርቲስ ዌልች በሽታው መግባቱን አወቀ። ሕፃናት መሞት ጀምረው ነበር። በእጁ ያለው የመድኃኒት ሴረም ጊዜው ያለፈበት ነበር። በከተማዋ 1,400 ያህል ሰው ይኖራል፤ በዙሪያዋም ብዙ ነባር የአላስካ ሕዝብ አለ። ከሰባት ዓመት በፊት የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው ኢንፍሉዌንዛ በእነዚህ ነባር ሕዝቦች ላይ ከባድ እልቂት አድርሶ ነበርና ዶክተሩ ይህ እንዳይደገም ፈራ። በቴሌግራፍ የድረሱልኝ ጥሪ አሰማ።

በአንኮሬጅ ከተማ ሆስፒታል 300,000 ዩኒት ሴረም ተገኘ። ነገር ግን እንዴት ይድረስ? ባሕሩ በረዶ ነው። የዚያን ጊዜ አውሮፕላን አብራሪው ያለ ሽፋን የሚቀመጥበት ስለነበር በዚያ ብርድ መብረር ያስፈራ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱ እስከ ኔናና በባቡር፣ ከዚያ እስከ ኖም ያለው 1,085 ኪሎ ሜትር ደግሞ በውሾች ቅብብሎሽ እንዲሄድ ተወሰነ። ሃያ ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች ተሰለፉ። ከነጂዎቹ ብዙዎቹ የአላስካ ነባር ሕዝብ ልጆች ነበሩ። እያንዳንዱ በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ተሸክሞ ለቀጣዩ ያቀብላል። ጥቅሉ 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ እንዳይቀዘቅዝ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃ ነበር።

በጣም አስፈሪው መንገድ ለሴፓላ ተሰጠ። ዕድሜው 47 ነበር፤ ቶጎም 12 ዓመት ሞልቶት አርጅቷል። አንዲት ልጁ ሲግሪድ በሽታው በገባባት በዚያች ከተማ ውስጥ ነበረች። ሴፓላ ሃያ ውሾች ጠምዶ፣ ቶጎን ከፊት አድርጎ ከኖም ወጣ። መድኃኒቱን ለመቀበል ብቻ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ሄደ።

እሱ በመንገድ ላይ ሳለ በሽታው ስለተስፋፋ ባለሥልጣናቱ ተጨማሪ ነጂዎችን አስገቡ። ሴፓላ ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ሻክቱሊክ በሚባለው ቦታ አጠገብ አንድ ነጂ ውሾቹ ተጠላልፈውበት ቆሞ አየና አልፎት ሊሄድ ሲል ሰውዬው ጮኾ አስቆመው። መድኃኒቱ እሱ ጋ ነበር። ሁለቱ ሳይተያዩ ቢተላለፉ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ምርጫ መጣ። በዳርቻው ዞሮ መሄድ ደኅና ነው፤ ግን ቀን ይፈጃል። ኖርተን ሳውንድን አቋርጦ መሄድ አጭር ነው፤ ነገር ግን ነፋስ ሲነሣ በረዶው ተሰነጣጥቆ ወደ ባሕር ይሄዳል። ቀደም ብለን ልብ በሉት ያልናችሁ ወሽመጥ ነው። ብርዱ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ገደማ፣ ነፋሱ ደግሞ ከዚያ እጅግ የባሰ ነበር። እየመሸም ነበር። ሴፓላ አቋርጦ ለመሄድ ወሰነ።

በጨለማና በማዕበል ውስጥ ምንም አይታይም፤ የነፋሱ ጩኸት የበረዶውን መሰንጠቅ እንኳ አያሰማም። ሴፓላ መምራት አልቻለም። መራው ቶጎ ነው። በቀጥታ መስመር ወሽመጡን አቋርጦ ከወዲያኛው ዳር ማረፊያ አደረሳቸው። ጥቂት ሰዓት አረፉና ገና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንደገና ተነሡ። ያቋረጡት በረዶ ከዚያ በኋላ ተሰባብሮ ወደ ባሕር ሄደ። ከፊታቸው ደግሞ አቀበት ነበር፤ ውሾቹ በድካም እየተንገዳገዱ ወጡት። ጎሎቪን ሲደርሱ ሴፓላ መድኃኒቱን ለሚቀጥለው ነጂ ለቻርሊ ኦልሰን አስረከበ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሴፓላና ቶጎ መድኃኒቱን ይዘው 146 ኪሎ ሜትር ሄዱ። ለመቀበል የሄዱበት ሲደመር 420 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ከሃያዎቹ ነጂዎች ይህን ያህል የሄደ ሌላ የለም።

ምስጋናው ወዴት ሄደ?

ኦልሰን ጥቅሉን ለጉናር ካሰን ሰጠው። ካሰንም ኖርዌያዊ ስደተኛ፣ የዚያው ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። የሚነዳቸው ውሾችም የሴፓላ ውሾች ናቸው። ሴፓላ ዕቃ ለመሳብ እንጂ ለመምራት አይሆንም ብሎ ቤት የተወውን ባልቶን ካሰን ከፊት አድርጎት ነበር። ከባድ ማዕበል ውስጥ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳ። የመጨረሻው ተረካቢ ተኝቶ ስላገኘው እሱን ሳይቀሰቅስ ቀጠለና በፌብሩዋሪ 2 ንጋት ላይ ኖም ገባ። መድኃኒቱ በአምስት ቀን ተኩል ደረሰ፤ በሽታውም ተገታ። በይፋ የተመዘገበው ሞት ከአሥር በታች ነው፤ በነባሩ ሕዝብ መንደሮች ግን ሳይመዘገቡ የሞቱ እንደነበሩ ዶክተሩ ይገምት ነበር።

የጋዜጠኞችና የፎቶ አንሺዎች ዓይን ያረፈው በደረሰው ላይ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የባልቶ ሐውልት ቆመ። ፊልም ተሠራበት። ቶጎ የሠራውን ሥራ ጭምር ጋዜጦች ለባልቶ ሰጡት።

ሴፓላ ተከፋ። በባልቶ ላይ ክፉ ነገር አልነበረውም፤ የራሱ ውሻ ነው። ያንገበገበው ቶጎ መረሳቱ ነው። እናንተም ታውቁታላችሁ። ሦስት ቀን ጉድ ጉድ ብላችሁ፣ ሌሊት ተነሥታችሁ የሠራችሁት ድግስ ላይ እንግዳው ሳህኑን ያቀረበውን ሰው ያመሰግናል። ያቀረበው ሰው አልሰረቃችሁም፤ እሱም ሠርቷል። ግን ሽንኩርቱን ማን እንደከተፈው የሚጠይቅ የለም።

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። የተረሱት ሴፓላና ቶጎ ብቻ አይደሉም። በዚያ ብርድ ጥቅሉን እየተቀባበሉ ያመጡት ነባር የአላስካ ነጂዎች ከእነሱም የባሰ ተረሱ። የሴፓላን ቅሬታ የሚጽፍ ጋዜጣ ነበር፤ የእነሱን የጠየቀ ግን ለብዙ ዓመታት አልነበረም።

ሁለት ውሾች፣ ሁለት መጨረሻ

ባልቶ ዝናውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ ታየ። ወረቱ ሲያልፍ ግን ውሾቹ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጡ። በ1927 አንድ የክሊቭላንድ ነጋዴ ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ሰው በሳንቲም እየከፈለ በሚገባበት ርካሽ ትርኢት ቤት ታሥረው፣ ከስተውና ታመው አገኛቸው። ሐውልት የቆመለት ውሻ ይበላው አጥቶ ነበር። ነጋዴው በከተማው ሰው ዘንድ 2,000 ዶላር አሰባሰበ፤ ተማሪ ልጆች ሳይቀሩ ሳንቲማቸውን አዋጡ። ባልቶና ስድስት ጓደኞቹ ወደ ክሊቭላንድ የእንስሳት ማቆያ ተወስደው በክብር ኖሩ። ባልቶ በ1933 ሞተ።

ቶጎ ደግሞ ሐውልት አላገኘም። በ1926 ሴፓላ እሱንና ሌሎች አርባ ያህል ውሾችን ይዞ በአሜሪካ ተዘዋወረ። በኒውዮርክ አሙንድሰን ራሱ፣ ውሾቹ መጀመሪያ የተገዙለት ያ ሰው፣ ለቶጎ የወርቅ ሜዳልያ አጠለቀለት። ከዚያ ሴፓላ በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ ሜን ግዛት ውስጥ ፖላንድ ስፕሪንግ በሚባል የታወቀ የእንግዶች መዝናኛ ስፍራ ተወዳድሮ አሸነፈ፤ ኤሊዛቤት ሪከር ከምትባል ሴት ጋርም በዚያ ውሾችን ማርባት ጀመሩ። ሴፓላ ወደ አላስካ ሲመለስ ያረጀው ቶጎ ያን ረጅም ጉዞ እንዲደግም አልፈለገም። ሞቅ ባለ ቤት፣ በምትወደው ሴት እጅ ትቶት ሄደ። መለየቱ ግን ከብዶት ነበር። ለሚወዱት ሲሉ የሚወዱትን ትቶ መሄድ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልግም። ቶጎ በዲሴምበር 1929፣ በ16 ዓመቱ ሞተ።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩአቸው። ስም ያገኘው ተርቦ ነበር፤ ስም ያጣው ጠግቦ ኖረ። ዝናና እንክብካቤ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዝና ከሩቅ ሰው ይመጣል፤ እንክብካቤ ግን የሚመጣው ልፋታችሁን በቅርብ ከሚያውቅ ሰው ነው።

እንግዳው ከሄደ በኋላ

ዛሬ አውሮፕላንና የበረዶ ሞተር ስላሉ ጭነት የሚያመላልሱ ውሾች ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ የሚሠሩት ለጎብኚ ነው። በአላስካ፣ በፊንላንድ ላፕላንድ፣ ሴፓላ በተወለደበት አካባቢ ባለችው በኖርዌይዋ ትሮምሶ ከተማ ዙሪያ፣ ከዓለም ዙሪያ የሚመጡ እንግዶች ከፍለው በውሾች ጋሪ ይሄዳሉ። አሠሪዎቻችሁ ለዕረፍት ሄደው ፎቶውን አሳይተዋችሁ ይሆናል። እንግዳው ወፍራም ልብስ ለብሶ ጋሪው ላይ ይቀመጣል። ውሾቹ እስኪነሡ ድረስ ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ፤ ጋሪው ሲንቀሳቀስ ግን ድምፃቸው ጸጥ ይላል፤ የሚሰማው የበረዶው ድምፅ ብቻ ነው። ደስ የሚል ነገር ነው ይላሉ የሄዱበት።

ከፎቶው ጀርባ ግን ሌላ ሥራ አለ። እንግዳው ሳይነሣ የውሾቹ ተንከባካቢ ተነሥቷል። ስጋ በሞቀ ውኃ በጥብጦ ለእያንዳንዱ ያቀርባል፤ ኩሱን ይጠርጋል፤ መዳፋቸውን አንድ በአንድ ያያል፤ የሚያስፈልገውን ትንሽ ጫማ ያለብሰዋል። ማን ከማን ጋር እንደሚጣላ፣ ማን ዛሬ ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው እሱ ነው። ውሾቹ የአንድ ወቅት ሠራተኞች አይደሉም፤ በረዶው ቀልጦ እንግዳው ሲሄድም ይበላሉ፣ ይታመማሉ፣ ያረጃሉ።

ይህን የዘነጋ ሰው የሚያደርሰው ጥፋት ታይቷል። በ2010 በምዕራብ ካናዳ ዊስለር በምትባል ከተማ፣ የክረምት ኦሊምፒክ አልቆ እንግዳ ሲቀንስ፣ ጎብኚ ሲያመላልሱ የነበሩ በደርዘን የሚቆጠሩ ውሾች ተገደሉ። ነገሩ በ2011 ሲታወቅ ሕዝቡ ተቆጣ፤ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ግዛትም በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን የሚቀጣውን ሕግ አጠበቀ። ጥሩዎቹ ባለቤቶች ደግሞ ያረጀውን ውሻ ለሚወደው ቤተሰብ ይሰጣሉ ወይም እስኪሞት ይጦሩታል። ልዩነቱ የሚታየው ውሻው በሚሮጥበት ቀን አይደለም፤ መሮጥ ባቆመበት ቀን ነው።

የሴፓላ የመጨረሻ ዓመታት

ሴፓላ በ1928 ፌርባንክስ በምትባለው የአላስካ ከተማ ተቀመጠ። በ1932 በሌክ ፕላሲድ የክረምት ኦሊምፒክ ላይ የውሻ ጋሪ ለማሳያ ያህል በቀረበበት ውድድር፣ በ54 ዓመቱ ሁለተኛ ወጣ። በኋላም ከኮንስታንስ ጋር ወደ ሲያትል ሄዶ ጡረታውን አሳለፈ። በጃንዋሪ 1967፣ በ89 ዓመቱ አረፈ። አመዱ በአላስካ፣ ኢዲታሮድ በሚባለው የውሾች መንገድ ላይ ተበተነ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በዚያ መንገድ ስም ዛሬ በዓለም የታወቀው የኢዲታሮድ ውድድር ተጀመረ። በዚህ ውድድር ላይ በሴፓላ ስም የሚሰጥ ሽልማት አለ። ሽልማቱ ቀድሞ ለገባ አይደለም። በመንገዱ ሁሉ ውሾቹን ከሁሉ አብልጦ ለተንከባከበ ነጂ ነው። ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ሰው ስሙ የተሰጠው ለድል ሳይሆን ለእንክብካቤ መሆኑ የሚያስገርም አይደለም። የሚያውቁት ሰዎች ያስታወሱት ውሾቹን እንዴት እንደያዘ ነው።

ቶጎም ቀስ በቀስ ተነገረለት። በ2001 በኒውዮርክ ሴዋርድ ፓርክ ትንሽ ሐውልት ቆመችለት፤ በ2019 በስሙ ፊልም ተሠራ። ሴፓላ ይህን ለማየት አልደረሰም።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ልጆቹ ባልቶን ከፍተው ሲያዩ፣ ሥራችሁን ለአምስት ደቂቃ ቆም አድርጋችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። ከዚያ ውሻ በፊት ሌላ ውሻ እንደነበረ ንገሯቸው። ትንሽ፣ በሽተኛ፣ ለሥራ አይሆንም የተባለ፤ በጨለማ በባሕር በረዶ ላይ መንገዱን ያገኘ። ነጂው ከሩቅ አገር የመጣ ሠራተኛ እንደነበረም ንገሯቸው። ልጆች ፍትሕ ይወዳሉ፤ ለምን ለእሱ አላጨበጨቡለትም ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን አብራችሁ ፈልጉት።